በራሳቸው የሚያስቡ ሰዎች ማኅበር

እ.ኤ.አ. በ2007 መገባደጃ ላይ ኤሊዘር ዩድኮውስኪ የሚባል የ28 ዓመት አሜሪካዊ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልገባና ራሱን በራሱ ያስተማረ ወጣት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተከታታይ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ያዘ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰዎች ለአንድ ዓላማ ሲሰባሰቡ፣ ዓላማው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ቡድኑ ቀስ በቀስ ራሱን ወደ ማምለክ ያዘነብላል፤ ካልታገሉት በራሱ የሚቆም ነገር አይደለም። ወጣቱ ይህን ሲጽፍ የሌሎችን ውድቀት አጥንቶ ነበር። ከጽሑፎቹ አንዱ በልቦለድ ደራሲዋ በአይን ራንድ ተከታዮች ላይ የሚያተኩር ነው። ጥቂት ዓመታት አለፉና በእሱ ዙሪያ የተሰባሰበው ማኅበረሰብ ራሱ በጋዜጣም በወሬም «ካልት» ይባል ጀመር፤ በአንድ ሰው ዙሪያ የተኮለኮለ፣ የራሱን ቋንቋ ፈጥሮ ከዓለም የተለየ የጭፍን ተከታዮች ጉባኤ እንደማለት።

አደጋውን አስቀድሞ ያየ፣ አይቶም የጻፈ ሰው እንዴት በዚያው ይታማል? መልሱ «ግብዝ ስለሆነ» የሚለው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። አይደለም።

ማኅበረሰቡ ራሱን «ራሽናሊስት» ብሎ ይጠራል። መነሻው ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ያሳዩት ነው፤ የሰው አእምሮ የሚሳሳተው እንዲሁ በዘፈቀደ ሳይሆን አስቀድሞ ሊታወቅ በሚችል አቅጣጫ ነው። እንግዲያው የምንስትበትን መንገድ ካወቅን ልናርመው እንችላለን ይላሉ። ሁለተኛው ጉዳያቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ከሰው የላቀ ማሽን ያለ ጥንቃቄ ከተሠራ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ይችላል የሚለው ስጋት። ዩድኮውስኪ ኋላ በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኮረውን ተቋም በ2000 ከሌሎች ጋር መሥርቷል፤ በ2009 ደግሞ «ሌስ ሮንግ» የተባለው የመወያያ መድረክ ተከፈተ። ፕሮግራመሩ፣ የሒሳብ ሰው፣ የፍልስፍና ተማሪው ተሰበሰበበት። ቢሊየነሩ ፒተር ቲል ለተቋሙ ገንዘብ ሰጠ። ከጊዜ በኋላም ከአባላቱ ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ካሊፎርኒያ፣ ወደ በርክሊና አካባቢዋ ገቡ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከሁሉም የሚያመራምረው እሱ ነውና።

ሰው ሲያማቸው በቅድሚያ የሚጠቅሰው ግን ሌላ ሌላውን ነው። አነጋገራቸውን ይጠቅሳል። ራሽናሊስት «ሐሳቤን ቀየርኩ» አይልም፤ «አፕዴት አደረግሁ» ይላል። ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ቢጠይቁት «ሰባ በመቶ» ብሎ በቁጥር ይመልሳል። ስለ ዓለም መጥፋትም እንዲሁ ነው፤ እራት ላይ የተቀመጡ ወጣቶች የሰው ልጅ በማሽን የመጥፋቱን ዕድል እያንዳንዳቸው በመቶኛ ሲናገሩ የሰማ እንግዳ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በዓላቸውም አለ። ሌሊቱ በሚረዝምበት የዲሴምበር ሰሞን አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰቡና በጋራ ይዘምራሉ፤ መብራቱና ሻማው በየተራ እየጠፋ ይሄዳል፤ ድቅድቅ ሲሆን አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ሞትና ስለ ኪሳራ ይናገራል፤ ከዚያ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ይመለሳል። አብዛኞቹ አምላክ የለሽ ሰዎች ናቸው። ሥርዓቱ በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ ሲጀመር የታሰበው ሰው ያለ ሃይማኖትም በዓል ያስፈልገዋል ተብሎ ነው።

እኔ በዚህ ሁሉ ብዙም አልደነቅም። የራሱ አነጋገር የሌለው ሙያ የለም፤ ሐኪሞች በሽተኛው ፊት ቆመው ለበሽተኛው በማይገባ ቋንቋ ይነጋገራሉ፣ ካልት ያላቸው ግን የለም። አብሮ መዘመርም ወንጀል አይደለም። መሪን ማድነቅ እንኳ ከሩቅ ሲታይና ከቅርብ ሲታይ ይለያያል። የማኅበረሰቡ አባላት ስለ ዩድኮውስኪ አዋቂነት የተጋነኑ ቀልዶችን ደርድረው ያውቃሉ፤ ቀልዱን የፈጠሩት እየሳቁበት ነበር፣ ከውጭ ያነበበው ግን ውዳሴ መሰለው። ሰውየው በ2010 ጀምሮ በ2015 የጨረሰው፣ በሃሪ ፖተር ዓለም ላይ የተመሠረተ 122 ምዕራፍ ያለው ልቦለድም አለ። ወጣቶች በመቶና በሺህ ገጽ ልቦለድ በኩል ወደ አንድ አስተሳሰብ ሲገቡ ለማየት የማያምር ነገር አለው፤ ሆኖም መጽሐፍ አንብቦ መለወጥ የማንኛውም የተማረ ሰው ታሪክ ነው።

ሐሜቱ ሥር የሰደደው በ2010 ጁላይ በሆነ ነገር ነው።

«ሮኮ» በሚል ስም የሚጽፍ አንድ አባል በመድረኩ ላይ ሐሳብ አቀረበ። ወደፊት እጅግ ኃያልና ለሰው በጎ የሚያስብ ማሽን ይመጣል እንበል። ማሽኑ በቶሎ ቢመጣ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። ስለዚህ መምጣቱ እንደሚቻል እያወቁ ያላገዙትን ሰዎች ለመቅጣት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሞተውም ከሆነ አምሳያቸውን በኮምፒዩተር ፈጥሮ ሊያሠቃይ ይችላል። ሐሳቡን ያልሰማ ነፃ ነው፤ የሰማ ግን ሰምቷልና ተይዟል። ሃይማኖት ባለበት ቤት ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በሎጂክ የተጻፈ ሲኦል ነው፤ ያውም ስብከቱን በመስማት ብቻ የሚገቡበት።

ዩድኮውስኪ ቁጣውን መቆጣጠር አልቻለም። በትልልቅ ፊደል ጸሐፊውን ዘለፈው፤ ጽሑፉን አጠፋው፤ በጉዳዩ ላይ መወያየትም ለአምስት ዓመት ያህል ከለከለ። በኋላ ሲያስረዳ በሐሳቡ እንደማያምን፣ ነገር ግን ሰውን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ያሰበውን ሐሳብ በአደባባይ ማስፈር ኃላፊነት የጎደለው ሆኖ እንዳገኘው፣ መከልከሉም ስህተት እንደነበር ተናግሯል። ይህን ማብራሪያ ያነበበ ጥቂት ነው። ከውጭ የታየው የተከለከለ ጽሑፍ፣ የተቆጣ መምህርና ዝም ያለ ደቀ መዝሙር ነው። የተከለከለ ነገር ደግሞ እግር አለው፤ በ2014 «ስሌት» መጽሔት በሰፊው ጻፈበት፣ በ2018 ኢሎን መስክና ዘፋኟ ግራይምስ በዚሁ ላይ በተሠራ የቃላት ጨዋታ ምክንያት እንደተዋወቁ ተወራ።

በዚህ ክስተት ተቺዎቹ ሁልጊዜ የሚያነሡት የሐሳቡን እብደት ነው። ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ ማን አጠፋው የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህር አንድን ጽሑፍ ቢጠላ አዘጋጅ አለ፣ ገምጋሚ አለ፣ ሴኔት አለ፣ ይግባኝ አለ፤ ሁሉም ዘገምተኛና አሰልቺ ነው። እዚህ ግን ሥልጣኑ በአንድ ሰው ጣት ላይ ነበር። ከተቋም የሸሹ አዋቂዎች ብዙ ጊዜ የሚሸሹት ከቢሮክራሲው ነው፣ እውነታቸውንም ነው፤ ዳሩ ግን ቢሮክራሲው ሲቀር የሚቀረው ሰውየው ነው።

ራንድ ቤት የሆነውም ይኸው ነበር። በ1950ዎቹ ኒውዮርክ፣ ምሥራቅ 36ኛ ጎዳና ባለው አፓርታማዋ፣ ቅዳሜ ማታ ወጣቶች ይሰበሰቡና ገና ያላለቀውን ታላቅ ልቦለዷን ገጽ በገጽ ያነቡ ነበር። መጽሐፉ በ1957 ወጣ። የግለሰብን ነፃነት ከሁሉ በላይ የሚያስቀምጡት እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን በቀልድ «ኮሌክቲቭ» ይሉ ነበር፤ በሐሳባቸው የሚንቁት የጅምላ ስብስብ ስም ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከ1987 እስከ 2006 የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ የመራው አለን ግሪንስፓን ነው፤ ራንድ በኮስታራነቱ «ቀባሪው» የሚል ቅጽል አውጥታለት ነበር። ሞኞች አልነበሩም ለማለት ነው።

የቡድኑ ሁለተኛ ሰው ናትናኤል ብራንደን ነበር፤ ከራንድ በ25 ዓመት ያንሳል። ከ1958 ጀምሮ የእሷን ፍልስፍና ያስተምራል፤ ኮርሱ በቴፕ ተቀድቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ይላካል። እንደ ሥነ ልቦና ሐኪምም የቡድኑን አባላት ያክማል። በሁለቱም የትዳር አጋሮች ዕውቀት የራንድ ፍቅረኛም ነበር። እንግዲህ አንድ አባል በፍልስፍናው ላይ ጥርጣሬ ቢያድርበት ወዴት ይሄዳል? ወደ መምህሩ ቢሄድ ብራንደን ነው፣ ወደ ሐኪሙ ቢሄድ ብራንደን ነው። ጥርጣሬው ራሱ እንደ ሕመም ይታይ ነበር። ያፈነገጠ ሰው ሳሎን ውስጥ ፍርድ ቤት በሚመስል ስብሰባ ይጠየቃል። በ1968 ሁለቱ ሲጣሉ ራንድ ከእሱ መለየቷን በራሷ መጽሔት አሳወቀች፤ ተከታዩም ከማን ጋር እንደሚቆም መምረጥ ነበረበት፤ ወዳጅነትና ትዳር ሳይቀር በዚያ ተሰነጠቀ። ከቡድኑ ጋር ቀርቦ የነበረው ኢኮኖሚስት መሪ ሮትባርድ በ1972 በጻፈው መጣጥፍ ካልት ብሎ የጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የራሱ ቂም እንዳለበት ግን አንባቢ ልብ ይሏል።

ወደ በርክሊ እንመለስ። በ2012 የማሰብ ዘዴን የሚያሠለጥን ማዕከል እዚያ ተቋቋመ፤ ለጥቂት ቀናት ሥልጠና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍል ነበር። አባላቱ ትልልቅ ቤት ተከራይተው በጋራ ይኖራሉ። የሚሠሩበት ድርጅት የማኅበረሰቡ ነው፣ የድርጅቱ ለጋሽ የማኅበረሰቡ ወዳጅ ነው፣ የሚፋቀሩት እርስ በርስ ነው፣ ማታ የሚከራከሩትም ቀን አለቃቸው ከሆነው ሰው ጋር ነው። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ዓለምን ከጥፋት ማዳን ይቻላል ብሎ ያመነ የ23 ዓመት ልጅ ሌላ የት ይሂድ? ነገር ግን በዚያ ሁኔታ «ስለ ማሽኑ አደጋ የተሳሳትን ይመስለኛል» ማለት የክርክር ነጥብ መሆኑ ይቀራል። የቤት ኪራይ ነው፣ ደመወዝ ነው፣ ያለው ጓደኛ ሁሉ ነው።

ከዚሁ ሠፈር አጠገብ በ2011 የተመሠረተው ሌቨሬጅ ሪሰርች የተባለ ድርጅት የነገሩን ጫፍ ያሳያል። በ2021 አንዲት የቀድሞ ባልደረባ ረጅም ምስክርነት አወጣች። እሷ እንደምትለው ሠራተኞች አእምሯቸውን «ለማጽዳት» ለረጅም ሰዓት አንዱ የሌላውን ውስጥ ይመረምር ነበር፤ መርማሪው አንዳንዴ የሥራ አለቃ ነው፤ ውስጥሽን የነገርሽው ሰው ዕድገትሽን ይወስናል። ኋላም ስለ ክፉ መናፍስት በምር እስከ ማውራት የደረሱ ነበሩ። ይህ የሆነው ስለ አእምሮ ስህተት ሌሊትና ቀን በሚያጠኑ ሰዎች መካከል ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው እድር አለው፣ እቁብ አለው፣ ማኅበር ወይም ሰንበቴ አለው፣ መሥሪያ ቤት አለው፤ በየቦታው ያለው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ሌላ ነው። ከእቁብ ዳኛው ጋር ቢጣላ እድሩ ድንኳን ከመትከል አይቀርም። በሰንበቴ ቢታማ መሥሪያ ቤት አይሰማም። በርክሊ ላይ ያ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ።

ይህን ነገር ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም የምናውቀው። በ1960ዎቹ በአገር ውስጥም በአውሮፓና በአሜሪካም የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ከዘመናቸው ብሩሆቹ ነበሩ። የጥናት ክበቡ የሐሳብ ቤት ነበር፤ ለባሕር ማዶው ተማሪ ደግሞ የናፍቆት ማስታገሻ፣ የእራት ገበታ፣ የፍቅር ጓደኛ መገኛም ነበር። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. ምዕራብ በርሊን ሲመሠረቱ የሁለቱም ሰዎች ያነበቡት መጻሕፍት በአብዛኛው አንድ ነበሩ። «አድርባይ»፣ «ከላሽ»፣ «አናርኪስት» የሚሉት ስሞች ግን ክርክሩን ሳይጨርሱት ዘጉት። ሂስና ግለ ሂስ ይባል የነበረውን አስቡት። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ስህተትን የማረሚያ መንገድ የለም፤ ሰው በጓዶቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል፣ ይማራል። በተግባር ግን ስህተቱ ምን እንደሆነ የሚያውቁት አስቀድሞ ጓዶቹ ናቸው፤ ከእሱ የሚጠበቀው እነሱ ያወቁት ላይ መድረስ ብቻ ነው። እርግጥ ኋላ የመጣው መንግሥትና ጠመንጃ የኛን ታሪክ ከካሊፎርኒያው በደም ይለየዋል፤ ያ ልዩነት አይናቅም። በክበቡ ውስጥ የነበረው ግን ይመሳሰላል፤ ራስን ለመመርመር የተሠራው መሣሪያ ቡድኑ አባሉን የሚመረምርበት ሆነ።

እዚህ ላይ ብልህነት ያግዛል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ጎበዝ ተከራካሪ ለመጣበት ጥርጣሬ ሁሉ መልስ አያጣም፤ ለራሱም ጭምር። «እኔ እኮ እንዴት እንደምሳሳት የተማርኩ ነኝ» የሚል ሰው ከማንም ይልቅ ራሱን ለመጠርጠር ይዘገያል። በዚህ በኩል ለራሽናሊስቶቹ የሚከፋው ስማቸው ነው፤ አስተዋዮች ነን ብለው ተነሥተው አላስተዋሉም መባል ከሌላው ሰው በላይ ይጎዳል።

ሐሜቱ ራሱም ሥራ ይሠራል። ሎረንስ ያናኮን የተባለው ኢኮኖሚስት በ1990ዎቹ ስለ ጥብቅ ሃይማኖቶች ሲጽፍ፣ እንግዳ አለባበስና የሰው መሳለቂያ መሆን ቡድኑን እንደማያዳክሙት፣ ይልቁንም ግማሽ ልቡን ይዞ የመጣውን አስወጥተው የቆረጠውን እንደሚያስቀሩ አስረድቷል። ካልት የተባለ ማኅበር መጀመሪያ የሚያጣው ሥራና ስም ያለውን፣ ሌላ መሄጃ ያለውን፣ «ረጋ በሉ እስቲ» የሚለውን ሰው ነው። የሚቀሩት መሄጃ የሌላቸው ናቸው። ከዚያ የባሰውም ከእነሱ ተቆርጦ ይሄዳል። በ2019 ኖቬምበር የበርክሊው የሥልጠና ማዕከል ካሊፎርኒያ ጫካ ውስጥ ስብሰባ ሲያደርግ ጭምብል ያጠለቁ አራት ሰዎች መግቢያውን ዘግተው ተቃወሙ፤ ቀድሞ በማኅበረሰቡ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ታሰሩም። ጋዜጦች «ዚዚያን» የሚሉት ይህ ጥቂት ሰው ያለበት ቡድን በ2025 ጃንዋሪ ቬርሞንት ውስጥ አንድ የድንበር ጠባቂ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ አንድ አዛውንት ከተገደሉ በኋላ የዓለም ዜና ሆነ፤ ከቡድኑ ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰዎችም ተከሰዋል። ዋናው ማኅበረሰብ ከዓመታት በፊት አባርሯቸውና አስጠንቅቆባቸው ነበር። ዜናውን ለሰማው ሰው ግን ሁሉም አንድ ነበሩ።

በሌላ በኩል «ካልት ናቸው» ማለት ክርክሩን ሳይሰሙ ለማለፍ እጅግ ይመቻል። ስለ ማሽኑ አደጋ የሚሉት ለአሥር ዓመት ያህል የተሳቀበት ሐሳብ ነበር። በ2023 ሜይ ጄፍሪ ሂንተን፣ በመስኩ ከአባቶቹ አንዱ፣ በነፃነት ለመናገር ብሎ ከጎግል ለቀቀ፤ በ2024 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ስጋቱም በመሠረቱ ያው ነው። ይህ ዩድኮውስኪን ትክክል አያደርገውም። በ2023 በ«ታይም» መጽሔት ላይ፣ ስምምነትን ጥሶ ግዙፍ ኮምፒዩተር የሚያንቀሳቅስ ማዕከልን በአየር ድብደባ እስከ ማፍረስ መዘጋጀት ያስፈልጋል ሲል የጻፈውን ብዙ ሰው ልክ አልፏል ይላል፤ እኔም እላለሁ። ሆኖም ሐሳቡን የሚያፈርሰው የሐሳቡ ድካም መሆን አለበት፤ በዲሴምበር ሻማ ማጥፋታቸው አይደለም። ራንድም ቤት እንዲሁ ነው፤ ስለ ገበያ የተናገረችው ትክክል ይሁን ስህተት ከብራንደን ጋር በነበራት ፍቅር አይለካም።

አንድ ነገር ግን ሁለቱን ቤቶች ይለያቸዋል። በ1968 ራንድ ስለ ጸቡ የጻፈችውን የሚቃወም በእሷው መጽሔት ላይ ቦታ አልነበረውም። በ2021 በርክሊ ስላለው የዩድኮውስኪ ተቋም አንዲት የቀድሞ ተመራማሪ ያወጣችው ትችት በማኅበረሰቡ በራሱ መድረክ ላይ ታተመ፤ በመቶዎች የሚቆጠር አስተያየት ተጻፈበት፤ ዩድኮውስኪን የሚነቅፈውም አልጠፋ፣ ማንም አላጠፋውም። ይህ ለማኅበረሰቡ ሊመዘገብለት ይገባል። እሷም ሆነች ስለ ሌቨሬጅ የጻፈችው ሴት ግን የጻፉት ሥራውን ከለቀቁ ከዓመታት በኋላ ነው።